ዓባይን ያየም ምንጭ ያመሰግናል

«ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ይላሉ አበው። ምሳሌው የተነገረው ታላቁን ሳያውቅ በታናሹ የሚደነቀውን ሰው ለመገሠጽ ነው። በሥነ ጽሑፋችን ሂስ ውስጥ ግን ይህ ብሂል ከምክርነት አልፎ አለንጋ ሆኖ ሲሠራበት ቆይቷል። ገጣሚው ስለ ጦርነት፣ ስለ ታሪክ፣ ስለ አገር ዕጣ መጻፉን ትቶ ስለ አንድ ሲኒ ቡና፣ ስለ ጎረቤት ሰላምታ፣ ቆርቆሮውን ስለሚመታው የመጀመሪያ ዝናብ የጻፈ እንደሆነ፣ «ዓባይን ያላየ» ተብሎ ይታለፋል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ የአለንጋው ስም ተለውጦ «የንዑስ ከበርቴ ስሜት» ይባል ነበር። ስሙ ይለወጥ እንጂ ግርፋቱ ያው ነው።

በአንጻሩ በቅርብ ዓመታት ሚዛኑ ወደ ሌላው ወገን ያጋደለ ይመስላል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮቪድ ወረርሽኝ ወደ አገራችን መግባቱ ታወቀ። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ከባድ ጦርነት ተካሄደ። መፈናቀሉና የኑሮ ውድነቱ በዚያ ላይ ተደራረቡ። በዚህ ሁሉ መካከል በግጥም መድረኮቻችን፣ በአጫጭር ልብ ወለዶቻችንና በቴሌቪዥን ድራማዎቻችን የቡና ጢስ፣ የእናት ጓዳ፣ የማለዳ ፀሐይና የሕፃን ሣቅ በርክተዋል። አድማጩም ያጨበጭብላቸዋል። ለምን እንደሚያጨበጭብ ለማወቅ ብዙ መመራመር አያሻም፤ ነገ ምን እንደሚሆን የማያውቅ ሰው ዛሬ በእጁ ያለውን ጠበቅ አድርጎ መያዙ የተፈጥሮ ሕግ ነው።

ለመሆኑ ምንጭን የሚያመሰግን ሁሉ ዓባይን ያላየ ነውን? ዓባይን በሙላቱ አይቶ፣ ከብቱንና አዝመራውን ሲወስድበት ተመልክቶ፣ ከዚያ በኋላ ጎንበስ ብሎ ከምንጭ የሚጠጣ ሰው የለምን? ካለስ፣ የእርሱ ምስጋና ካላየው ሰው ምስጋና በምን ይለያል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ልዩነት መመርመር ነው። ጥቃቅኑን የኑሮ ደስታ የሚዘምረውን ሥራ ሁሉ ማወደስም ሆነ ሁሉን መኮነን ቀላል ነው። አስቸጋሪው እውነተኛውን ከሐሰተኛው የምንለይበትን መለኪያ ማግኘቱ ነው።

መለኪያውን ከቋንቋችን ውስጥ እናገኘዋለን። «መጽናናት» የሚለው ቃል የወጣው «ጸና» ከሚለው ግሥ ነው። ጸና ማለት በረታ፣ ቆመ፣ አልተናወጠም ማለት ነው። ጾም ጦም፣ ጸጉር ጠጉር እንደሚባለው ሁሉ ይኸው ግሥ በ«ጠ» ሲነገር «ጠና» ይሆናል። ለቅሶ የደረሰ ጎረቤት ሐዘንተኛውን «እግዚአብሔር ያጥናህ» ይለዋል። ይህን ሲል «አትዘን» አላለውም፤ «እርሳው» አላለውም፤ «ምንም አልሆነም» ብሎም አልዋሸውም። ያለው «ያቁምህ» ነው። ከዚያም ቃሉን በቃልነቱ አይተወውም። እዝን ይዞ ይመጣል፤ እድሩ ድንኳኑን ይተክላል፤ አግዳሚው ይደረደራል፤ ቡናው ይፈላል፤ ሰው ከሐዘንተኛው ጎን ይቀመጣል። ሕዝባችን መጽናናትን የሚያውቀው ሐዘንን እንደመርሻ አድርጎ አይደለም። የሚያውቀው ሐዘኑን ተሸክሞ ለመቆም እንደሚሰጥ ድጋፍ አድርጎ ነው። ድጋፉንም የሚያቆመው የሰው እጅ ነው። እንግዲህ ስለ ጥቃቅን መጽናኛ የተጻፈ ማናቸውም ሥራ በሁለት ጥያቄ ሊፈተን ይገባል። ሰውን ያጸናል ወይስ ያስተኛል? መጽናኛውን የሚሠራውን እጅስ ያሳየናል ወይስ ይሰውርብናል?

እነዚህን ጥያቄዎች ወደ መጻሕፍቱና ወደ መድረኩ ከመውሰዳችን በፊት፣ ነገሩ በኑሮ ውስጥ እንዴት እንደሚገኝ ለማየት ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ ጎራ እንበል። ከሞጆ ወደ ደቡብ በሚወስደው መንገድ፣ ቆቃን አልፎ መቂ ሳይደረስ የምትገኘው ዓለም ጤና በምሥራቅ ሸዋ የቦራ ወረዳ ከተማ ናት። አገሩ የስምጥ ሸለቆ ሜዳ፣ የግራር አገር ነው። በአዋሽ ወንዝ ላይ ተገንብቶ በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ የፈጠረው ሐይቅ ከዚያው አካባቢ ነው። ገበሬው ጤፍ፣ በቆሎና ቦሎቄ ይዘራል፤ ውሃ የደረሰለት ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማል። ዝናቡ ግን ቀጠሮ የሚያከብር ዝናብ አይደለም። ሰኔ ላይ ደመናውን አይቶ ዘሩን የበተነ ገበሬ ነሐሴ ላይ ሰማዩን አንጋጦ የሚያይበት ዓመት ጥቂት አይደለም። መሬቱም ቢሆን ሁልጊዜ ጸጥ ያለ አይደለም። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለወራት በአዋሽ ፈንታሌና በዶፋን አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቀዬአቸው አስነሥቷል፤ ንዝረቱም አዳማና አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። በዚህ ሸለቆ የሚኖር ሰው «ነገ» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ ነው የሚናገረው።

የከተማዋ ስም ግን ዓለም ጤና ነው። «ዓለም» በአማርኛ ምድርና ሕዝብ ማለት ብቻ አይደለም፤ ደስታም ነው። «ዓለሙን አየ» ስንል ተድላ አገኘ ማለታችን ነው፤ እናት ልጇን «ዓለሜ» ስትል ደስታዬ ማለቷ ነው። «ጤና»ም ጠዋትና ማታ «ጤና ይስጥልኝ» እያልን የምንለዋወጠው ቃል ነው። በአካባቢው የሚነገረው ኦሮምኛም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። «አከም ጂርቱ?» ብሎ የጀመረ ሰው «ነጋ?»፣ «ፈያ?» እያለ ሰላሙንና ጤናውን፣ ልጆቹን፣ ከብቱን፣ ጎረቤቱን በየተራ ይጠይቃል። ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ ይህን ረጅም ሰላምታ ጊዜ ማባከን አድርጎ ሊያየው ይችላል። ነገር ግን ሰላምታው ምርመራ ነው። ከዘጠኙ ጥያቄ በአንዱ ላይ የመልሱ ድምፅ ዝቅ ካለ፣ ጠያቂው ላሟ እንደታመመች ወይም ልጁ ደብዳቤ እንዳልጻፈ ይረዳል። በ2012 ዓ.ም. እጅ መጨባበጥና ጉንጭ ለጉንጭ መሳሳም በተከለከለ ጊዜ ሰው ክርኑን እያጋጨ፣ እጁን ደረቱ ላይ እያኖረ፣ ከሩቅ እየጎነበሰ ሰላምታውን ማስቀጠሉ ትዝ ይለናል። አካሉ ሲከለከል ቃሉ ረዘመ እንጂ አልቀረም።

በአስፋልቱ ዳር ሸራ ወጥረው ቡና የሚያፈሉትን ሴቶች ደግሞ እንመልከት። የከባድ መኪና ሹፌር ከሐዋሳ ወይም ከሻሸመኔ መጥቶ በርጩማው ላይ ቁጭ ይላል። ቡና አፍይዋ ሲኒውን ከመቅዳቷ በፊት «መንገዱ ሰላም ነው?» ትለዋለች። እርሱም ያየውን ይነግራታል። ከሞጆ በኩል የመጣው ሌላው ሹፌር በተራው ስለ ወደፊቱ መንገድ ይጠይቃታል፤ እርሷም ከፊተኛው የሰማችውን ትነግረዋለች። በዚያች ሩብ ሰዓት አንድ ሰው ድካሙን አሳርፏል፤ ሌላው ሌሊት ለመንዳት ወይም ለማደር ወስኗል። ታዲያ ይህች ሲኒ ከዘመኑ መሸሺያ ናት ሊባል ይቻላልን? እንዲያውም ዘመኑን መስሚያ ጆሮ ናት።

ከዚህ ላይ እጁን ማየት ይገባናል። ሴትዮዋ ከጎህ በፊት ተነሥታ ውሃውን በጄሪካን አምጥታለች። ጥሬ ቡናው ዋጋው የቀመሰ አይደለም። ከሰሉም በመንገዱ ግራና ቀኝ በጆንያ ተደርድሮ ከምናየው ነው፤ የመጣውም ከዚያው ከሸለቆው ግራር ነው። የእኛ እፎይታ ከአንድ ዛፍ ላይ ተቆርጧል ማለት ነው። ግራሩ ሲሳሳ አፈሩ ይሄዳል፤ አፈሩ ሲሄድ አዝመራው ይቀንሳል፤ አዝመራው ሲቀንስ ገበሬው ተመልሶ ወደ ከሰሉ ይሄዳል። ሲኒዋ ትንሽ ብትሆንም የታሰረችበት ገመድ ረጅም ነው። ይህን ገመድ የሚያይ ገጣሚ ቡናውን ማመስገኑን መተው የለበትም፤ ሲያመሰግን ግን ምን እንደሚያመሰግን ያውቃል።

በአካባቢው ኦሮሞ ዘንድ «ቡና ቀላ» የሚባል ሥርዓት አለ። የደረቀው የቡና ፍሬ ከነገለፈቱ በቅቤ ይቁላላል፤ ሽማግሌዎችም ስለ ሰላም፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ከብቱና ስለ ልጁ ይመርቁበታል። ስሙ የወጣው ከ«ማረድ» ነው፤ ቡናው እንደ እርድ ይቆጠራል። ይህ ስያሜ ለከያኒ ትልቅ ትምህርት አለው። ያለ መሥዋዕት የተገኘ ሰላም እንደሌለ፣ ትንሿ ፍሬ እንኳ በሰው ፊት ስትቀርብ ዋጋ ተከፍሎባት መሆኑን በአንዲት ቃል ይናገራልና።

ኑሮው ይህን ያህል የበለጸገ ከሆነ፣ መድረካችን ከዚህ ምን ወሰደ? ይህ ጸሐፊ ለመድረክ ከሚጽፉት አንዱ እንደመሆኑ ይህን ጥያቄ ለሌሎች ብቻ አይወረውረውም። በአማርኛ ተውኔቶቻችንና ድራማዎቻችን ውስጥ ረከቦት የማይገባበት ሳሎን ጥቂት ነው። ነገር ግን ረከቦቱ በአብዛኛው የሚገባው ለጌጥ ነው፤ አለዚያም ተዋንያኑ እጃቸውን የሚያሳርፉበት ነገር እንዲያገኙ ነው። ቡናው ምንጊዜም ፈልቶ ይጠብቃል። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፤ ዕጣኑ ይጤሳል፤ የቤቱ ባለቤቶች ስለ ፍቅር፣ ስለ ውርስ ወይም ስለ አገር ይከራከራሉ። ቡናውን የምትቀዳው ልጅ ገብታ ትወጣለች። በተዋንያን ዝርዝር ውስጥ ብዙ ጊዜ «ሠራተኛ» ተብላ ትጻፋለች፤ ንግግሯም «አቤት» እና «እሺ» ነው። ተመልካቹ በዚያ ሳሎን ሙቀት ይጽናናል፤ ሙቀቱን ያቀጣጠለችው ግን ከማጽናኛው ውጭ ናት። ከዚህ የሚበልጥ ሐሰት በመድረክ ላይ አይገኝም።

ይህ የዘውጉ ግዴታ እንዳልሆነ መንግሥቱ ለማ በ1950ዎቹ ዓ.ም. አሳይተውናል። «ያላቻ ጋብቻ» በተባለው ኮሜዲያቸው ውስጥ ትምህርት የቀሰመ የባለ ወገን ልጅ ከቤት ሠራተኛው ጋር የሚመሠርተውን ትዳር የተውኔቱ እምብርት አድርገውታል። ጭብጡ በተለምዶ የሚታየው ከመደብና ከዘር ሐረግ ክርክር አንጻር ነው፤ ይህም ትክክል ነው። ከያዝነው ጉዳይ አንጻር ስናየው ግን ሌላ ነገር ይገለጥልናል። ጓዳ የነበረችው ሰው ወደ መድረኩ መሐል መጣች። ቤቱን ቤት የምታደርገው እጅ ፊትና ስም አገኘች። ሣቁም በእርሷ ላይ መሆኑ ቀርቶ እርሷን ለማየት በተሳናቸው ላይ ሆነ። ኮሜዲ ከትልልቅ ጉዳዮች የሸሸ ዘውግ አለመሆኑን፣ በጥቃቅኑ የቤት ውስጥ ኑሮ በኩል ወደ ትልቁ ጉዳይ የሚገባ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አያሻም።

ሁለተኛው የሐሰት ዓይነት ከጌጡ ይልቅ ረቂቅና አደገኛ ነው። ይኸውም ጥቃቅኑን ኑሮ ለማዳን ሲባል ጆሮን መድፈን ነው። ለዚህ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1960ዎቹ ዓ.ም. «እናት ዓለም ጠኑ» ብሎ ወደ አማርኛ መድረክ ያመጣውን ተውኔት ማስታወስ ይጠቅማል። «ዓለም ጤና» እና «ዓለም ጠኑ» በድምፅ ይቀራረባሉ፤ ሁለተኛው ግን በውስጡ «ጠና»ን ይዟል። ጠና ማለት ደግሞ በአንድ በኩል በረታ፣ በሌላ በኩል «ሕመሙ ጠና» እንደምንለው ከፋ ማለት ነው። የተውኔቱ ምንጭ ጀርመናዊው ቤርቶልት ብሬሽት እ.ኤ.አ. በ1939 በስደት ሳለ የጻፈው ሥራ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው ከ1618 እስከ 1648 አውሮፓን ባወደመው የሠላሳ ዓመት ጦርነት ውስጥ ነው።

በብሬሽት ተውኔት ውስጥ ያለችው እናት ጋሪዋን እየጎተተች ጦሩን ተከትላ ትሄዳለች። የምትሸጠው ጥቃቅን መጽናኛ ነው፤ መጠጥ፣ ሸሚዝ፣ ቀበቶ። ሦስት ልጆች አሏት። ልጆቿን የምታኖረው በዚሁ ንግድ ነው። ነገር ግን ጋሪዋ ከጦርነቱ የምትኖር ስለሆነች ጦርነቱም ልጆቿን አንድ በአንድ ይወስዳል። አንደኛው ልጇ ሊረሸን ሲል እርሷ በጉቦው ልክ ላይ ትከራከራለች፤ ክርክሩ ሲረዝም ጥይቱ ይተኮሳል። ሬሳውን ሲያመጡላት አላውቀውም ትላለች። ተመልካች ይህችን ሴት ክፉ ናት ብሎ ሊገላገላት አይችልም። ትደክማለች፣ ትቀልዳለች፣ ታበላለች። ስሕተቷ ትንሿን ጋሪ ከታላቁ እሳት ለይታ ማዳን እችላለሁ ማለቷ ነው። መጽናኛው ከዘመኑ ጋር ሒሳብ ሲያወራርድ ምን እንደሚሆን በእርሷ እናያለን።

በዚያው ተውኔት ውስጥ ግን ዲዳዋ ልጅ ካትሪን አለች። እናቷ ለንግድ ወደ ከተማ በሄደችበት ሌሊት ወታደሮች የተኛችውን ከተማ በድንገት ለመውረር ይቀርባሉ። ገበሬዎቹ ተንበርክከው ይጸልያሉ። ካትሪን በዚያች ከተማ ሕፃናት መኖራቸውን ስትሰማ ከበሮዋን ይዛ ጣሪያ ላይ ትወጣና መምታት ትጀምራለች። ይገድሏታል፤ ከተማዋ ግን ትነቃለች። ካትሪን ለታላቅ ዓላማ የተዘጋጀች ጀግና አልነበረችም። በተውኔቱ ሁሉ ያየናት ሕፃን ስታቅፍ፣ በቀይ ጫማ ስትጫወት ነው። ከበሮውን ያስመታት ያው የሕፃን ፍቅር ነው። እንግዲህ እናቲቱና ልጂቱ ሁለቱም ጥቃቅኑን ይወዳሉ። የአንዷ ፍቅር ጆሮዋን ደፈነ፤ የሌላዋ ፍቅር ከተማውን ቀሰቀሰ። ስለ ቡናና ስለ ጓዳ የሚጽፍ ከያኒ ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ በየትኛዋ መንገድ እንደሚሄድ ራሱን መጠየቅ ይገባዋል።

ከእኛው ልብ ወለድ ደግሞ የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» እንይ። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም ከየካቲት 1976 ዓ.ም. ወዲህ የገባበት ሳይታወቅ ቀርቷል። ብዙ ሰው መጽሐፉን የሚያነሣው ለዚህ የፖለቲካ ታሪኩ ነው። ነገር ግን ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም በቀይ ኮከብ ዘመቻ አሥመራ ገብቶ ከፊያሜታ ጊላይ ጋር ያለውን ጊዜ ልብ ብሎ ያነበበ ሰው ሌላም ነገር ያገኛል። ከተማይቱ ውብ ናት፤ ምሽቱ ለስላሳ ነው፤ ጨዋታው ይጥማል። ሆኖም በዚያ ምሽት ከጎን የተቀመጠው ማን እንደሆነ፣ ማን ለማን እንደሚሰልል አይታወቅም፤ ከተራሮቹ ባሻገርም ናቅፋ አለ። በዓሉ ምሽቱን ጣፋጭ ማድረጉን አልተወም፤ ሥጋቱንም ከጣፋጩ ላይ አልገፈፈም። ሁለቱን በአንድ ብርጭቆ ቀድቶ ሰጠን። የዘመኑ ሐቅ የሚገኘው በዚህ ቅልቅል ውስጥ እንጂ በአንዱ ብቻ አይደለም።

እስካሁን ስለ ሥራዎቹ ይዘት ተናገርን። ኪነ ጥበብ ስለ መጽናኛ ከመናገር አልፎ እርሱ ራሱ መጽናኛ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። በደርግ ዘመን ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተሰኘው ዝግጅት ሲተርክ የነበረውን እናስታውስ። ዘመኑ የጦርነት፣ የድርቅና የብሔራዊ ውትድርና ዘመን ነበር። ሬዲዮ ያለው ቤት ጎረቤቱ የሚሰበሰብበት ነበርና፣ በ1958 ዓ.ም. የታተመው ወፍራም መጽሐፍ ማንበብ ወደማይችለው ሰው ጆሮ ደረሰ። ፊታውራሪ መሸሻ በትዕቢታቸው ሲያስቁ፣ ጉዱ ካሣ ሲናገር፣ በዛብህ ሰብለን ፊደል ሲያስጠና፣ ሰሚው የራሱን ጭንቀት ለጥቂት ጊዜ መሬት ላይ አኖረ።

አኖረ እንጂ አልጣለም። «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚያስተኛ መጽሐፍ አይደለም። ከርዕሱ ጀምሮ መጨረሻውን ይነግረናል። በዛብህና ሰብለ ፊደል ለማጥናት የሚቀመጡባት ሰዓት በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ጸጥተኛ ሰዓቶች አንዷ ናት። በዚያች ሰዓት ዙሪያ ግን የአባት ትዕቢት፣ የዘር ቁጥር፣ የገባር ሸክምና የስለት ቀንበር ቆመዋል። አንባቢው ሰዓቲቱን የሚወዳት የከበባትን ስለሚያይ ነው። ወጋየሁም በድምፁ ያደረገው ይህንኑ ነው። ያንን ሁሉ ገጸ ባሕርይ በአንድ ጉሮሮ አኖረ፤ የሰብለን ሹክሹክታና የፊታውራሪን ቁጣ ከአንድ ምንጭ አወጣ። ይህ የእጅ ሥራ ነው፤ የጉሮሮና የትንፋሽ ድካም ነው። መጽናኛ ከሰማይ እንደማይወርድ፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ እንደሚሠራው ይህ አንድ ምስክር ይበቃዋል።

በኋላ ዘመን ደግሞ አዳም ረታ ጥቃቅኑን ከጭብጥነት ወደ ቅርጽነት አሻግሮታል። «አለንጋና ምስር»፣ «ከሰማይ የወረደ ፍርፍር»፣ «መረቅ» የሚሉት ርዕሶቹ ብቻ እንኳ ጓዳን ከሥነ ጽሑፍ ደጃፍ አልፈው ወደ ሳሎኑ አግብተውታል። «ሕጽናዊነት» ብሎ ለሰየመው የአጻጻፍ ስልት እንጀራን ምሳሌ አድርጎ መውሰዱም ይታወቃል። የእንጀራ ዓይን አንዱ ከአንዱ ተጎራብቶ፣ ታናናሹ ሁሉ ተያይዞ አንድ ሙሉ ይሆናል። በዚህ አስተሳሰብ ትንሽ ነገር የትልቁ ጌጥ መሆኗ ይቀራል፤ ትልቁ የተሠራባት ዓይን ትሆናለች። ስልቱ ለአንባቢ ይከብዳል የሚሉ አሉ፤ ክርክሩም ተገቢ ነው። ነገር ግን ከማዕዳችን ላይ ያለውን ነገር የውበት ሕግ ምንጭ አድርጎ መውሰድ፣ ሩቅ አገር ሄዶ ስልት ከመበደር በፊት ሊሞከር የሚገባው መንገድ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችው ሴት ታሪክ በሥነ ጽሑፍም ይደርሳል።

አሁን የተቃዋሚውን ድምፅ እንስማ። «በ1977 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ ሰው በረሃብ ሲያልቅ፣ በቅርቡም በጦርነት ቤቱ ሲፈርስ፣ ስለ ሲኒ ቡና መግጠም ነውር አይደለምን?» ይላል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ሲኒው ሲኒ ያጣውን ሰው የሚያስረሳ ከሆነ በእርግጥ ነውር ነው። ነገር ግን ከቤቱ የተነቀለ ሰው ምን እንደጎደለበት ሲጠየቅ ሁልጊዜ ታላላቁን ብቻ አይቆጥርም። ጀበናውን፣ የበሩን ደፍ፣ ማታ ማታ የሚጠራውን የጎረቤት ድምፅ ይቆጥራል። የጥፋት ልክ የሚታወቀው በጠፋው ትንሽ ነገር ነው። ጥቃቅኑን ኑሮ አጥርቶ የማያውቅ ደራሲ ጥፋቱንም አጥርቶ ሊጽፍ አይችልም፤ የወደመውን ከተማ በቁጥር ሊነግረን ይችል ይሆናል እንጂ፣ በከተማዋ ውስጥ ሰው ይኖር እንደነበር ሊያሳምነን አይችልም።

ስለሆነም ከተነሣንበት ብሂል ጋር መጣላት አያስፈልገንም፤ ማሟላት እንጂ። ዓባይን ያላየ ምንጭን ቢያመሰግን ምስጋናው ያላዋቂ ምስጋና ነው። ዓባይን ያየ ሰው ምንጭን ሲያመሰግን ግን ምስጋናው ፍርድ ነው፤ ከሙላቱ የተረፈውን ያውቃል፣ ምንጩም ሊደርቅ እንደሚችል ያውቃል፣ ማን እንደጠረገውና ማን እንደሚጠብቀው ያውቃል።

ከዚህ የሚከተለው ተግባር ግልጽ ነው። የተውኔት ጸሐፊው በሚቀጥለው ሥራው ረከቦት ወደ መድረክ ሲያስገባ፣ ውሃውን ማን እንዳመጣው ይወቅ፤ ቡናውን ለምትቀዳዋም «አቤት» ከማለት የሚበልጥ ቃል ይስጣት። መምህሩ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያስተምር ከታላቁ ሞት በፊት ያችን ጸጥተኛ የፊደል ሰዓት ተማሪዎቹ ጮክ ብለው እንዲያነቡ ያድርግ። በየወረዳው ያለው የባህል ሠራተኛ ስለ አካባቢው ኪነት ሲዘግብ ክብረ በዓሉን ብቻ አይመዝግብ፤ በዘወትር ቀን የሚነገረውን ምርቃት፣ የሰላምታውን ቅደም ተከተል፣ የቡና ቀላውን ጸሎት ከሚያውቁት ሽማግሌዎችና እናቶች አፍ ይቀበል። ዓለም ጤና ላይ ሹፌሩን «መንገዱ ሰላም ነው?» ብላ የምትጠይቀው ሴት ቃሏን የምታጠፋው ለጨዋታ አይደለም፤ መልሱን ለሚቀጥለው መንገደኛ ታቆየዋለች። ከያኒውም ሥራው ከዚህ የተለየ አይደለም።